የሙታን ገበታና የኩትበርት አሳማ

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የገውዝ ቅመም ማድረቂያው ደረጃ አሁንም ያሠቃይሻል ወይስ እንደለመንሻቸው ሥራሽን ወደ ምድር ቤቱ አዛወሩልሽ? ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ያቺ እንቁላል መጣል የማታውቀው ዶሮሽ ሳትቀር፣ ደህና ናቸው? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና በሥጋዬ ደህና ነኝ። በነፍሴም ደህና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ብዕሩን ምን ያህል ተጭኜ እንደያዝኩት ከወረቀቱ ጀርባ ዳስሰሽ ታውቂዋለሽ።

ባለፈው «ቤታችን ገባን» ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ አንቺም ለከተማችን ለጉያቭ ሰው ሁሉ እንዳወራሽ አልጠራጠርም። እንግዲህ ዛሬ ደግሞ ወጥተናል ብለሽ አውሪላቸው። ወጥተናል ሳይሆን አስወጥተውናል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ቤቱ የባሌ የኤኖስ አያት ከሞቱ ወዲህ ተዘግቶ የኖረ ነው። ስንቀበለው ጣሪያው ያፈስስ ነበር፣ ወለሉን ምስጥ በልቶታል፣ ወጥ ቤቱን የሌሊት ወፍ ወርሶታል። ባሌ ቀን የሰው ጀልባ ሲሠራ ይውልና አመሻሹ ላይ የራሳችንን ጣሪያ ይመታል። እኔ ደግሞ ወለሉን የእጄ ቆዳ እስኪላጥ ፈገፈግሁ፣ መስኮቶቹን አረንጓዴ ቀባሁ። የራሴ የምለው በር ኖሮኝ አያውቅም፤ እኔና አንቺ በሰው ጓሮ እንደኖርን ላንቺ አልነግርሽም። ያንን በር ስከፍትና ስዘጋ ብቻ ብውል አይሰለቸኝም ነበር።

የምንገባ ዕለት ፍየል ታረደ፣ ከበሮ ተመታ፣ ሩም አረቄ መሬት ላይ ፈሰሰ። እዚህ ካሪያኩ ደሴት ላይ ሙታንን ሳያስፈቅዱ ቤት መግባት ነውር ነው። እሱን ነግረውኝ ነበር፣ እኔም ከማንም በላይ ጨፈርኩ። ያልነገሩኝ ሌላ ነው። በውስጠኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው የበቆሎ ገንፎ፣ የፍየል ሥጋ፣ ዓሣ፣ አንድ ብርጭቆ ሩምና አንድ ብርጭቆ ውሃ ደረደሩ። እኔ የዘገየ እንግዳ ድርሻ መሰለኝ። ለካ ሙታኑ እስኪነጋ ድረስ መጥተው የሚቀምሱት ገበታ ኖሯል፤ ጠዋት ደግሞ የመንደሩ ልጆች ትራፊውን ይሻሙበታል። እኛ ጋ ለሙታን ሻማ እናበራለን እንጂ እራት አናቀርብም። በምን ልወቅ?

ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ። ጉንዳኑ በጠረጴዛው እግር ሽቅብ ይጎርፋል፣ ዝንቡ ገንፎው ላይ ሠፍሯል። «ምግብ ገልጣ የምታሳድር ሴት ቤቷን ለዝንብ አከራይታለች» ትዪኝ የለ? ምግቡን በአጥሩ ላይ አሳልፌ ለጎረቤታችን ለኩትበርት አሳማ ገለበጥኩለት። ሩሙን ደፋሁት፣ ሳህኑን አጠብኩ፣ ጨርቁን ዘፍዝፌ አሰጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ምስጋና ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ምስጋና።

አማቴ ሚስ ሉዌላ ልጆቹን አስከትለው ገቡ። ባዶውን ጠረጴዛ ዐይተው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ማነው የበላው?» አሉኝ። «አሳማው» አልኳቸው። «የማን አሳማ?» ሲሉ «የኩትበርት» አልኩ። የኤኖስ አባት አክስት ታንት ዜልማ ከኋላ ቆመው ነበር፤ የመንደሩ ትልቅ ሴት እሳቸው ናቸው። በትራቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መታ አድርገው «እንግዲያው ቤቱ የአሳማው ነዋ» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ውርደት ስሚልኝ። ኩትበርት አሳማውን ለገና ሊያርደው ያደልበው ነበር፤ አሁን «የሰው አያት አላርድም» እያለ በየሩም ቤቱ ያወራል። ልጆቹ በአጥሩ ሲያልፉ «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» ይሉታል ለአሳማው። አንቺ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ፣ ያገባችው እኔ ነኝ።

አማቴ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። «የሞቱት አዛውንቶቻችን አልተቀበሏችሁም። ከነሱ አንዱ በሕልም መጥቶ እስኪናገር ድረስ እዚያ ማንም አያድርም» አሉ። እሳቸው እያልኩ የምጽፈው አንቺ በሥርዓት ስላሳደግሽኝ ነው እንጂ እጄስ አንቱታውን ይጠየፈዋል። እኔና ኤኖስ አሁን የምንተኛው እሳቸው ቤት፣ ከልብስ ስፌት መኪናው ጀርባ ነው። ባሌ ሲገላበጥ መኪናው ይንጫጫል፣ እሳቸውም ከመጋረጃው ወዲያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ውሃ ስቀዳ ይቆጣጠሩኛል። እዚህ ወንዝ የለም፣ ከጣሪያ ላይ ወደ ገንዳ የተጠራቀመውን ዝናብ ነው የምንጠጣው። ፀጉሬን ልታጠብ ሁለተኛ ባልዲ ሳነሣ «የወንዝ አገር ልጅ፣ ገንዳው አባይ መሰለሽ?» ይሉኛል። ስሜ ጠፍቶ የወንዝ አገር ልጅ ሆኜ ቀርቻለሁ። በጋ ስለሆነ ደግሞ የመንደሩ ፍየል ሁሉ ከገመድ ተፈቷል፤ አዝመራው ከተሰበሰበ ወዲህ እንደልቡ ይዘዋወራል። በተቆለፈው ቤታችን ደጃፍ የተከልኩትን አበባ እስከ ግንዱ ጨርሶታል። ፍየል እንኳ ደጄ ይደርሳል፣ እኔ ግን በሩቁ ነው የማየው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሕልሙ ነው። ጠዋት ጠዋት መንደሩ የሚጠያየቀው «አየህ? አየሽ?» እየተባባለ ነው። አማቴ ሻይ እየቀዱ «ምንም» ይላሉ፤ ፖስታ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን እንደተመለሰ ሰው። የኔ ቤት በአንዲት አሮጊት እንቅልፍ ላይ ይንጠልጠል? ደግሞስ እሳቸው ሲያንኮራፉ የሰማ ሰው ሙት ቀርቶ ወታደርም አይጠጋቸውም።

እሑድ ዕለት ኤኖስ ጉድ ሠራ። ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ «አያቴን በሕልሜ አየኋት» አለ። እኔ አማቴ አንገት ላይ ወዳለው ቁልፍ አየሁ። ታንት ዜልማ ቀስ ብለው «ምን ለብሳ?» አሉት። «ነጭ ቀሚስ።» «ቆማ ነው ተቀምጣ?» «ቆማ፣ በትሯን ተደግፋ።» «በየትኛው እጇ?» «በቀኟ።» እንዲህ ሲል ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ለካ አያቱ ግራኝ ነበሩ። «አንተ ልጅ፣» አሉት ታንት ዜልማ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ «እሷ እውነት መጥታ ቢሆን በግራዋ አንድ ጥፊ ታቀምስህ ነበር፤ ያኔ አትረሳትም።» ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሾርባውን ጨረሰ። ስለኔ ብሎ መዋሸቱ አንጀቴን በላው፤ ያሳደጉት አያቱ ግራኝ መሆናቸውን መርሳቱ ግን አበገነኝ። ሕልም የሚዋሽ ሰው እንዴት አይዘጋጅም?

በነጋታው ታንት ዜልማ ገንዳው አጠገብ አግኝተውኝ ያሉኝን ስሚ። «አንቺ ልጅ፣ ቤቱ የሁለት ሰው ነው። ለኛዎቹ ገበታ ዘረጋን። ያንቺዎቹንስ ማን ጠራቸው? የተራበ እንግዳ በእጅሽ የሌላውን ገበታ ቢያስነሣ ይፈረድበታል?» እኔም ተናድጄ «የኔዎቹ ጉያቭ ነው የተቀበሩት፣ ባሕር አያቋርጡም» አልኳቸው። «አንቺ አቋርጠሽ የለ?» ብለውኝ ሄዱ። ድፍረታቸው ይገርማል። እኔና አንቺ ስሙን እንኳ የማናነሣውን አባዬን የኩትበርት አሳማ ጉዳይ ውስጥ ሊያስገቡት ነው። ባልዲውን ጥዬ ገባሁ።

እንግዲህ ለኤኖስ ነግሬዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ቁልፉ እጄ ካልገባ በካፒቴን ላዛር ጀልባ እመጣለሁ፤ እሱ ቢከተለኝ ይከተለኝ፣ ካልሆነ ከእናቱና ከስፌት መኪናቸው ጋር ይኑር። በር ላይ ስታዪኝ እንዳትደነግጪ፣ ፍራሼን አንጥፊልኝ።

ይህን ማክሰኞ ጽፌ አቋርጬው ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው።

ፍራሹን ተዪው። ለካፒቴን ላዛርም ቦታ እንዳይዝልኝ ነግሬዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከየት አመጣሽው እንዳትዪኝ። አባዬ የተቀበረ ዕለት ክርስትና እናቴ ጋ ልካችሁኝ ነበር። «ልጅ አስከሬን አያይም» ተባለ። ምን አልብሳችሁት እንደቀበራችሁት ነግረሽኝ አታውቂም፣ እኔም ጠይቄሽ አላውቅም። ቡናማ ኮት ነበር? ከኮቱ ቁልፎች አንዱ ነጭ ነበር? በችኮላ፣ በቀይ ክር የሰፋሽው? አዎ ወይም አይደለም በዪኝና በቃኝ። ደግሞም ንገሪኝ፣ ከሥራ ርቦት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ምን ነበር? ዓሣውን በሎሚ ነበር የሚወደው ወይስ እንዲሁ?

ሌሊት ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለኤኖስም። ዛሬ ጠዋት አማቴ «አየሽ?» ሲሉኝ ሻይ እየቀዳሁ «ምንም» አልኳቸው። እሳቸው ግን ኩባያቸውን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ፤ ዛሬ የወንዝ አገር ልጅም አላሉኝም።

ንዴቴ በረደ እንዳይመስልሽ፣ እንዲያውም ብሶበታል። እስከ ማክሰኞ ቁልፉን የፈለግሁት ለራሴ ነበር። ሰው ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ በር ተቆልፎበት፣ የፍየል ኩስ የሞላው ደረጃ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጥ? ያውም የገዛ ልጁ በሰው ቤት ከስፌት መኪና ጀርባ ተኝታ? ይህን ማንም አይችለውም። ቁልፉን ነገ ካንገታቸው ላይ እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉኝ የኤኖስ መዶሻ አለ፤ በሩን ያስተካከልነው እኛ ነን፣ እናፈርሰዋለን።

መልስሽን በመጀመሪያው ጀልባ ላኪልኝ፤ ለአባዬ ገበታ ድስት ከመጣዴ በፊት ማወቅ አለብኝ። ጉልበትሽን እግዚአብሔር ያበርታልሽ፣ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ፣ ያለሽበት አይጨልምብሽ።

ያንቺና የአባዬ ልጅ