«እኔ ምን ሠራሁ» ማለቴ በቃለ ጉባኤ ስለ መስፈሩ

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ፍሰሃ፣ የኮሌጃችን የምርምር ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መቀሌ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮሚቴው አባላት ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔም በሓድነት ሰፈር ባለው የኪራይ ቤቴ፣ ውሃ በመጣ ቀን ታጥቤ፣ ባልመጣም ቀን ተስፋ አድርጌ፣ ከባለቤቴ ከሳሊና ጋር ደህና ነኝ።

ስሜ ከፋለ ማዘንጊያ ይባላል። ለዓመታት አንድ ኮሪደር እየተጋራን ስሜን መናገር ያስፈለገኝ፣ ኮሚቴው በላከልኝ ደብዳቤ «ጉዳዩ የሚመለከታቸው ግለሰብ» ስለተባልሁ ነው። በኮሌጃችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጠና የቆየሁት ደግሞ፣ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ምሁራንና እንደ እኛ በትምህርት ቤት የተማሩት በምርምር ጽሑፎቻቸው ውስጥ ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠሩ ነው። እነዚያ ገና በመጀመሪያው ገጽ «እኔ» ብለው ይገባሉ፤ እኛ ደግሞ ጥናቱ ራሱን በራሱ ያጠና ይመስል «ተስተውሏል»፣ «ተደርሶበታል» እያልን ከጀርባው እንደበቃለን። የረዳት ፕሮፌሰርነት ዕድገቴ በዚህ ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለሆነም ኮሚቴው የዋለልኝን ውለታ በተራ ቁጥር አስቀምጬ ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

1ኛ. የመጀመሪያውን ረቂቅ «እኔ» እያልሁ በመጻፌ፣ «ተመራማሪ ስለ ራሱ አያወራም» የሚል ምክር በቀይ ተጽፎበት ስለተመለሰልኝ አመሰግናለሁ። በእውነቱ ያሳደጉኝም እንዲሁ ነበር። አባቴ ይህን ቤት ማን ሠራው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጣሪያውን ገና መምታቱ ሆኖ መዶሻው በእጁ እንዳለ፣ «ተሠራ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር።

2ኛ. በምክራችሁ መሠረት እያንዳንዱን «እኔ» እየነቀልሁ በቦታው «አጥኚው» የሚል ተከልሁበት። ጽሑፉን የላክሁለት የውጭ አገር መጽሔት ገምጋሚ ካነበበው በኋላ እጅግ ትሑት በሆነ ቃል፣ ይህ ደጋግሜ የምጠቅሰው አጥኚ ማን እንደሆነ፣ ሥራዎቹስ በዋቢ ዝርዝሬ ውስጥ ስለምን እንዳልገቡ፣ ደግሞም ለሰውየው ያለኝ አድናቆት ሚዛኔን አስቶኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳሊና ይህን ሰምታ የሳቀችው ሳቅ፣ የቤት አከራያችን ወይዘሮ ለተኪዳን ምን ተፈጠረ ብለው በር እስኪያንኳኩ ድረስ ነበር።

3ኛ. በጭንቀቴ ሰዓት ሮማናት አደባባይ አግኝተውኝ፣ «እኛ» ብትል ለፈረንጁም ለኮሚቴውም ይስማማል ብለው ስለመከሩኝ ውለታዎን አልረሳም። ለካስ «እኛ» ሰፊ ቤት ኖሯል። «እኛ» ያልሁት እነማንን እንደሆነ ለኮሚቴው እንዳስረዳ በተጠየቅሁ በሳምንቱ፣ በጽሑፌ ርእስ ሥር የእርስዎ ስም ከፊት፣ የሁለት የኮሚቴ አባላት ስም ከመሃል ገብቶ፣ የእኔ ከግርጌ ተቀምጦ አገኘሁት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኸው ነው።

4ኛ. አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነውና። በኮሚቴው ፊት ስቀርብ በጽሑፉ ውስጥ ድርሻዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ማኅበር የደገሰ ሰው ጠረጴዛው በሳህን ተጨናንቆ ሳለ «ምንም የለም፣ ባዶ ቤት ነው የመጣችሁት» ይላል። እስካሁን ይህን ሰምቶ ጦሙን ወደ ቤቱ የተመለሰ እንግዳ አላየሁም። እንግዳው «ኧረ ምን ቀረ» ማለት እንዳለበት ያውቃል። እኔም እንደ ወጉ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ «እኔ ምን ሠራሁ፤ ሁሉም በእናንተ እርዳታ ነው» አልሁና «ኧረ አንተው ነህ እንጂ» እስክባል ቆሜ ጠበቅሁ። እርስዎ መነጽርዎን ይጠርጉ ነበር። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ አቶ እንድርያስ ግን አቀርቅረው ይጽፉ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ግለሰቡ በጽሑፉ ምንም ድርሻ እንደሌላቸው በራሳቸው አንደበት ስላረጋገጡ የዕድገት ጥያቄያቸው ውድቅ ተደርጓል» ተብሎ ሰፈረ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ አልቀየምም ብል እዋሻለሁ፤ በጣም ነው የከፋኝ። የባሰው ግን ማፈሬ ነው። የአገሬ ሰው ራሱን እየደበቀ ስንት ነገር እንደሚያጣ ሁለት ዓመት ሙሉ መረጃ የሰበሰብሁ ሰው፣ አፌን መክፈት ባለብኝ በዚያች አንዲት ቅጽበት ተደብቄ ቀረሁ። ለጥናቴ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ቢጠፋ እኔን መጥቀስ ይበቃ ነበር። ሳሊና በአማርኛ ልታጽናናኝ ሞክራ ሲያቅታት በትግርኛዋ «ኣታ፣ ኣነ በል» አለችኝ፤ አንተ ሰው፣ እኔ በል ማለቷ ነው። ይህን ብላ ራት አቀረበችልኝ።

እንግዲህ በምሽቴ ትእዛዝ እንዲህ እላለሁ። ጽሑፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነው የጻፍሁት። ይህችን መስመር ስጽፍ ነውር የሠራሁ ያህል ተሰምቶኝ ሰርዤ እንደገና ጻፍኋት። ስለዚህ የኮሌጁ የዕድገት ጉባኤ አርብ ተሰብስቦ የኮሚቴውን ውሳኔ በማጽደቅ መዝገቤን ከመዝጋቱ በፊት ቃለ ጉባኤው እንዲታረምልኝ፣ ስሜም ብቻውን ወደ ቦታው እንዲመለስልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ለኮሚቴው ያለኝ አድናቆት ሚዛኔን ያላሳተኝ፣ ከግርጌ የተቀመጥሁት፣ ምንም ያልሠራሁት፣ እጅ መንሣት ግን ያላቆምሁት ታዛዥዎ፣

ከፋለ ማዘንጊያ
ከሓድነት፣ መቀሌ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ከመጽሔቱ መልእክት ደረሰኝ። ሠንጠረዥ ሦስት ላይ ከባድ የስሌት ስህተት ስለተገኘ፣ ለስህተቱ ኃላፊ የሆነው ሰው በስሙ ማብራሪያ እንዲሰጥ ገምጋሚው አጥብቆ ጠይቋል። እኔ ምንም አለመሥራቴ በቃለ ጉባኤ ስለተረጋገጠ፣ ጥያቄውን በጽሑፉ ላይ ስማቸው ከፊት ለተቀመጠው ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ከታረመ ግን ስህተቱም የእኔው ነው፤ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ።