ዝም ስላለች የተሸለመችውን ልጄን ይመለከታል

ለተከበሩ ዶክተር ግሌንደን ራውሽ
የሄምሎክ ፎርክ ትምህርት ቤቶች ዋና ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች በሙሉ ጤናና ሰላም እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት የያዘዎት ጉንፋን እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። መታመምዎን ያወቅሁት ሦስት ቀን ደውዬ ሦስቱንም ቀን "ዛሬ አልገቡም" ስለተባልኩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በእሳት አደጋ ጣቢያው የፓንኬክ ቁርስ ላይ ሳህንዎን ይዘው ለሁለተኛ ዙር ሲሰለፉ ሳይዎት ግን ፈጣሪን አመሰገንኩ። ደህና ነበሩ፤ ፊትዎም ወዝ ነበረው።

ስሜ ዶሬን ሃፍማን ይባላል። በሚያስተዳድሩት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ትማር የነበረችው የብሪን እናት ነኝ። ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ለማስተማር መወሰኔን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ከሦስት ሳምንት በፊት ልኬልዎታለሁ። ሕጉ አሳውቂ ይላል እንጂ አስፈቅጂ አይልም ብዬ ነበር። እርስዎ ግን በመልስዎ ጉዳዩን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንደሚመረምረውና ልጅቷም በመጪው ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ቀርባ ከትምህርት ቤት ለምን እንደቀረች በራሷ አንደበት እንድታስረዳ ጠይቀዋል። ይህን ደብዳቤ በሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ ያወጣሁት ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ከመልሴ በፊት ግን ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ተራ ቁጥር የሌለውን ወረቀት እንደማያነብ ከልምድ አውቃለሁና።

1. በመጀመሪያ በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ስላሰቀሉት የትራፊክ መብራት ከልብ አመሰግናለሁ። አረንጓዴ ሲበራ ልጆቹ ማውራት፣ ቢጫ ሲበራ ማንሾካሾክ፣ ቀይ ሲበራ ደግሞ አፋቸውን ለማኘክ ብቻ መጠቀም እንደሚችሉ ለወላጆች በተላከው ወረቀት ላይ በሥዕል ጭምር አስረድተውናል። ምሳው ሃያ ደቂቃ ነው። ልጄ እንደነገረችኝ አረንጓዴው የሚበራው ልጆቹ ገብተው ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ ነው፤ የቀረው ጊዜ የቀዩ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ብሪን በቀይ መብራት አጠገቧ ለተቀመጠችው ልጅ "ካሮትሽን ካልፈለግሽው እኔ ልብላልሽ?" አለቻት። ለዚህ ጥፋቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ቆማ ምሳዋን እንድትጨርስ ተደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በቅጥር ግቢዎ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስሟ ሲጠራ እጇን ታወጣለች፤ ሲጠይቋት ትጽፋለች። ቤት ስትገባ ግን እንደ ወትሮዋ ታወራ ስለነበር እኔ እናቷ ይህን ሁሉ አላወቅሁም።

2. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሽልማቱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ብሪን "የወሩ ምርጥ ዜጋ" ተብላ ስትመረጥ ወላጆች ተጋብዘን ነበር። ባለ ወርቃማ ማኅተሙ የምስክር ወረቀት ላይ "አርአያ ለሆነው ጸጥታዋ" የሚል በሚያምር ጽሕፈት ተጽፏል። እርስዎ ራስዎ እጇን ጨብጠዋታል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ፎቶ አንስቼም ለዘመድ ሁሉ ልኬያለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ በእፍረት ይቃጠላል። ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማ ልጅ መድረክ ላይ ቆማ ስትሸለም ከእኔ ሌላ ጮሆ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

3. እውነቱን የሰማሁት ጥር ላይ ነው። ከሠራተኞችዎ መካከል አንድ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ አስቆመኝና "ዶሬን፣ የልጅሽ ድምፅ ምን እንደሚመስል ረስቼዋለሁ። የኔ ብትሆን ዛሬውኑ ነበር የማወጣት። ይሄን ግን ከኔ አልሰማሽም፣ እሺ?" አለኝ። ማን እንደሆነ ለማወቅ እንዳይደክሙ፦ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ወጥ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የአውቶቡስ ሹፌር ሊሆን ይችላል። ሁሉንም እንደማይጠሯቸው ተስፋ አለኝ።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። የተከበሩት ርእሰ መምህር ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዙረው የልጄን የሥነ ምግባር ሰንጠረዥ አሳዩኝ። ከጥቅምት ወዲህ የተመዘገበባት ጥፋት ዜሮ ነው። "ወይዘሮ ሃፍማን፣ ይሄ'ኮ ችግር አይደለም፤ እንደሷ ያሉ ሠላሳ ልጆች ቢሰጡኝ በሰላም ጡረታ እወጣ ነበር" አሉኝ። ስለ ቀልዳቸው አመሰግናለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ እንደምትመጣና ወረፋው ለግንቦት እንደሚደርሰንም በትሕትና ነግረውኛል።

4. ለግንቦት ስለተያዘልን ወረፋም አመሰግናለሁ።

ቤት ማስተማርን ሳስብ የከረምኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በደስታ ያሰብኩት ግን እንዳይመስልዎ። እኔ የከብት መኖ መሸጫ ውስጥ ግማሽ ቀን የምሠራ ሴት ነኝ። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ፤ እንዴት እንደጨረስኩ ግን የሒሳብ አስተማሪዬና ፈጣሪ ያውቃሉ። ባለቤቴ ክሊት ነገሩን ስነግረው ማንኪያውን አስቀምጦ "አንቺ? ክፍልፋይ ሲመጣ የምታለቅሺው አንቺ?" አለኝ። አማቴ ሎሬታ፣ በእርስዎ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ሾርባ ስትቀዳ የኖረች ሴት፣ "ልጅ ከልጅ ጋር ካልተጋፋ፣ ካልተጣላ፣ ካልታረቀ ምኑን ልጅ ሆነ? ከኛ ከሽማግሌዎች ጋር ዘግተሽባት በልጅነቷ ልታስረጂያት ነው እንዴ?" አለችኝ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ አውቅ ነበር። ባወጣት አጠፋት ይሆን? ባላወጣትስ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ላይ ሰው የጠየቀኝን መኖ ትቼ ሌላ እየጫንኩ ስሰጥ ከረምኩ።

በመጨረሻ እንደ ማንኛውም የፔንሲልቬንያ ሰው የመኪና ሰሌዳም ከሚሸጥበት፣ መሐላም ከሚጸድቅበት ሱቅ ሄጄ በአዋዋይዋ ፊት ቀኝ እጄን አነሣሁ። ልጄን በአግባቡ አስተምራለሁ ብዬ ማልኩ፤ ዓመቱን ሙሉ የማስተምራትን ሁሉ የሚዘረዝር ወረቀትም አያያዝኩ። ከኔ ቀጥሎ የተሰለፈው ሰውዬ የጀልባ ተጎታች ሰሌዳ ሊያወጣ የመጣ ነበር። "መልካም ዕድል፣ እህቴ" አለኝ። ከመንግሥት ወገን ባይሆንም እስካሁን በይፋ የደረሰኝ ምርቃት ይኸው ነው።

ለሚቀጥለው ነገር ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና።

ልጄን ካወጣሁ በኋላ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር። የማውቀው የእርስዎን ብቻ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤቴን እርስዎን እንዲያኮራ አድርጌ አሰናዳሁት። ማቀዝቀዣው ላይ ባንዲራ ለጠፍኩ፤ ጠዋት ጠዋት ቆመን ለባንዲራው የታማኝነት ቃል ኪዳኑን እንላለን፤ ማለቴ እኔ እላለሁ፣ እሷ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ቀኑን በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ከፋፍዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና በፕላስቲክ ለበጥኩት። የነሐስ ደወል ገዛሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው የጠባይ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ በእንጨት መቆንጠጫ ላይ "ብሪን" ብዬ ጽፌ አረንጓዴው ላይ ቆነጠጥኩት። አንዲት ተማሪ፣ አንድ መቆንጠጫ። ቁም ነገር እየሠራሁ ነበር የመሰለኝ፤ በእኔ ዘንድ ልጅ ያለ ደወልና ያለ ሰሌዳ ይማራል ብሎ ማሰብ ስንፍና ነበር።

በአራተኛው ቀን ልጄ በገዛ ቤቷ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አምስት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ እጇን አወጣች። እኔም "አዎ፣ ብሪን" አልኳት። መልስ አልሰጠችም፤ በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች። በስድስተኛው ቀን በእራት ላይ ማውራቷን ተወች። በስምንተኛው ቀን ከአባቷ ጋር መኪና ውስጥም ዝም አለች። ለምሳ ወደ ቤት የመጣው ክሊት ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ አየና "ዶሬን፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ?" አለኝ። ተጣላን። ጥሩ ያልሆኑ ነገሮች ተነጋገርን። እውነቱን ልንገርዎት፣ ዶክተር፣ እንደዚያ ዕለት ፈርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ልጄን የወሰደብኝ እዚያ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ያንኑ ትምህርት ቤት በገዛ እጄ ወደ ቤት አምጥቼ የቀራትንም ድምፅ ወሰድኩባት። እናንተ አምስት ወር የፈጀባችሁን እኔ በስምንት ቀን ጨረስኩት። በዚህ በኩል ከጽሕፈት ቤትዎ የላቀ ውጤት ማስመዝገቤን በትሕትና እገልጻለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ሰሌዳውንም፣ ደወሉንም፣ የለበጥኩትንም ሁሉ ነቃቅዬ ጋራዥ ውስጥ ጣልኩ። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ምንም አላደረግሁም። አማቴ መጣችና ካርታ አወጣች። "ትምህርቱ እስኪገኝ ድረስ እንጫወት" ብላ ሁለቱ ጀመሩ። ሎሬታ ካርታ ስትጫወት እንደምታጭበረብር አውራጃው ሁሉ ያውቃል፤ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንኳ ሁለት ጊዜ ተይዛለች። እኔ ሳህን እያጠብኩ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር።

"አያቴ! አጭበረበርሽ! እጅጌሽ ውስጥ ከተትሽው፣ አየሁሽ እኮ!"

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ሎሬታ ግን ቅንድቧን እንኳ ሳታነሣ "እኔ? የትኛው እጅጌ?" አለቻት።

"የግራው! አውጪው! ደግሞ ቅድምም አንድ ሰርቀሻል፣ ዝም ብዬሽ ነው!"

"ታዲያ አሁን ምን ነካሽ?"

"አበዛሽው ነዋ!"

ዞሬ አላየኋቸውም። ብዞር የምታቆም መስሎኝ ውኃው እየፈሰሰ፣ እኔም እያለቀስኩ ቆሜ ቀረሁ። ለአርባ ደቂቃ ያህል ተጨቃጨቁ። ነጥቡን የመዘገበችው፣ የደመረችው፣ አያቷ በድምሩም እንዳጭበረበረች ያረጋገጠችው ብሪን ናት። ቃለ መሐላዬ ላይ "ሒሳብ" ከሚለው ሥር ካርታ አልጻፍኩም ነበር፤ እባክዎ በእስክሪብቶ ይጨምሩልኝ።

ተሳክቶልሻል ብለው ግን አይመዝግቡኝ። ልጄ አሁን በቤት ታወራለች፤ ሱቅ ስንገባ አሁንም እጄን ይዛ ዝም ትላለች። ክፍልፋዩን እኔም እሷም ገና አልጨረስነውም። ሎሬታ ስለ ልጅ ከልጅ ጋር መጋፋት ያለችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብሪን ከጎረቤት ልጆች ጋር ፍየል ልታይ ትሄዳለች፤ ይበቃል አይበቃም አላውቅም። ተሳስቼ እንደሆነ የማውቀው ምናልባት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም ቢሮ ወረፋ አይዝልኝም።

አሁን ወደ ሐሙስ ቀጠሮ ልመለስ። ኮሚቴዎ የቆመበትን የሕግ አንቀጽ ፈልጌ ያላገኘሁት የመፈለግ ችሎታዬ ደካማ ስለሆነ ይሆናል። የሆነ ሆኖ ልጄ አትመጣም። ካሮት በመጠየቋ ከግድግዳ ጋር ያቆማችኋትን፣ ዝም በማለቷ የሸለማችኋትን ልጅ ሰባት አዋቂ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ "ተናገሪ" ሊላት መፈለጉ የጽሕፈት ቤትዎን ቀልድ ወዳድነት ያሳያል፤ እኔ ግን ቀልድ አልችልበትም። በእሷ ፋንታ እኔ እቀርባለሁ። የልጅቷን ምክንያት ከራሷ መስማት የሚሻ የኮሚቴ አባል ካለ ደግሞ ብቻውን፣ ያለ ወረቀት፣ ወጥ ቤታችን መጥቶ ካርታ መጫወት ይችላል። ልታወራው ከፈለገች ታወራዋለች፤ ካልፈለገች ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ማጭበርበር የተፈቀደው ግን ለአማቴ ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለልጄ ስላደረጉላትና ስላላደረጉላት ሁሉ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ጤናዎ በሚደወልልዎት ሰዓትም እንደ ፓንኬኩ ሰዓት እንዲጸና እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የልጇ አስተማሪ ለመሆን ገና በመማር ላይ ያለች፣
ዶሬን ሃፍማን

ተጨማሪ፦ ይህን ስጽፍ ብሪን መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች ነበር። ማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ የትምህርት ቤቶቹ ሁሉ አለቃ ናቸው አልኳት። "ታዲያ ያውቁኛል?" አለችኝ። ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። እስከ ሐሙስ ድረስ መልስዎን እንጠብቃለን፤ ዝም ካሉም ይገባናል።