ዴኒስና ሌናርድ እንደገና የዘፈኑ ዕለት

ይድረስ ለእትዬ ኂሩት፣

ክረምቱ እንዴት ወጣልሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ፣ እማማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔን ሳል ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል፤ አሁን ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም።

በየቤቱ እየዞርኩ አዛውንት እንደምንከባከብ ጽፌልሽ ነበር። ካሌዶኒያን ሮድ የሚኖሩት ሚስተር ዴኒስ ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ግራ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ለካስ ከአርባ ዓመት በፊት ከጓደኛቸው ከሚስተር ሌናርድ ጋር በሁለት ጊታር ሮካቢሊ የሚሉትን ፈጣን ዘፈን ይጫወቱ ነበር! አንድ ሸክላ አስቀረጹ፤ አንድ ሰሞን ሬዲዮው ሁሉ የእነሱ ሆነ፤ ኮረዶች ኮታቸውን እስኪቀድዱባቸው ድረስ ይጎትቷቸው ነበር። ሁለተኛው ሸክላ ግን ሰሚ አጣ። ሚስተር ሌናርድ ብቻዬን ልዝፈን ብለው ሄዱ፤ እሳቸውም አልቀናቸውም። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

መስከረም ላይ የድሮ ዘፈን የሚወዱ ወጣቶች ሁለቱንም ካምደን ካለ ክለብ ጋበዟቸው። ሚስተር ዴኒስ "ከከዳኝ ሰው ጋር መድረክ አልወጣም" ብለው ስልኩን ዘጉ። ግን ሦስት ቀን እህል አልበላ አላቸው። አላስችል አለኝና፣ ከሥራ ሊያስባርረኝ እንደሚችል እያወቅኩ፣ ከወጣቶቹ ቁጥር ተቀብዬ ለሚስተር ሌናርድ ደወልኩ። "እሱ ካልጠራኝ አልመጣም" አሉ። "እርስዎ ቢቀድሙስ?" አልኳቸው። በማግስቱ ባቡር ተሳፍረው መጥተው በሩን አንኳኩ።

ሚስተር ዴኒስ ሲያዩዋቸው ወደ እኔ ዞረው "ማን ጠራው?" አሉ። "እኔ ነኝ" አልኩ። እሳቸውም "እንግዲያው ሻይ አፍዪለት" አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስተር ዴኒስን በዊልቼር ገፍቼ ወደ ክለቡ ወሰድኳቸው። የእሳቸው ጣት ደንዝዟል፣ የሚስተር ሌናርድ ትንፋሽ ያጥራል። ወጣቶቹ ግን የመጀመሪያውን ሸክላ ዘፈን ቃል በቃል ያውቁት ኖሮ ተቀበሏቸው። ሌላ የሚታወቅላቸው ስለሌለ ያንኑ ሁለቴ ተጫወቱት። ስንወጣ ይቅር ይባባላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሚስተር ዴኒስ "ዛሬም ከምቱ ቀድመህ ትገባለህ" አሉ። ሚስተር ሌናርድም "አንተም ዛሬም ትዘገያለህ" ብለው ሳቁ። አሁን ሚስተር ሌናርድ በየሐሙሱ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እኔንም ማንም አላባረረኝ።

የእማማን ጉልበት ስሚልኝ። ባለቤትሽን መዝገቡን ሰላም በዪልኝ። እድላዊትን ደግሞ አክስትሽ ፎቶሽን ትራስጌዋ አስቀምጣለች በያት። ከእህታችን ከሐረገወይን ጋር ከተኳረፋችሁ ዓመት እንዳለፋችሁ ሰምቻለሁ። ለእሷ ለብቻዋ አልጻፍኩም። ሰላምታዬን ቤቷ ሄደሽ በአፍሽ አድርሺልኝ።

እህትሽ አልታየሽ
ለንደን፣ ጥቅምት ፲፯ ቀን ፲፱፻፺ ዓ.ም.