«ይቅር ብያታለሁ» ላለው ወንድሜ

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱልመናን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታ መስጠት ሱና፣ መመለስ ግዴታ ነውና ሌላው ቢቀር ይህችን ትመልስልኛለህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን የሚያምህ ነገር ተሻለህ ወይ? ሥራውስ? አብረውህ የሚኖሩት የአገር ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። እናታችን ስኳሯ ከፍ ዝቅ ቢልባትም ደህና ናት። ይህን ሁሉ የጠየቅሁህ ከልቤ ነው፤ ከአንድ ሆድ ወጥተን ጤናህን ሳልጠይቅ ብጀምር ራሴን አልወደውም። ከዚህ በታች ያለው ግን ሰላምታ አይደለም።

በወረቀት የጻፍሁልህ የምልክልህን ድምፅ ጫፉን ሰምተህ ስለምታጠፋው ነው። ሳሊሕ ዕረፍቱን ጨርሶ ሰሞኑን ወደ ጅዳ ስለሚመለስ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ያንተን መልእክት ያመጣልንም እሱ ነው። እናታችን ፊት ተቀምጦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አብዱ ሱንዱስን ይቅር ብያታለሁ ብሏል። ልጁን ሪታጅን ይዛ ትመለስ፣ ኒካሑን በወኪል እናስራለን ብሏል» አለን። የላክኸውን ዓባያና ሽቶም አስረከበን። እናታችን «አልሐምዱሊላህ» ብላ እጇን ለዱዓ ዘረጋች። እኔ ግን የሰማሁት አንዲት ቃል አንጀቴን አሳረረችው። ይቅር ብያታለሁ! ምኗን ነው ይቅር ያልኸው? ምን በድላህ?

አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው፣ ያንኑም ግማሽ የነገርሁህ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርህ።

ካቻምና ለአረፋ መጥተህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስትመለስ ሱንዱስን ነፍሰ ጡር አድርገህ ነው የሄድኸው። ሆዷ በሦስተኛው ወር የአምስት ወር መሰለ። ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ፤ የቀመሰችውን ሁሉ ትመልሳለች። እናታችን መንታ ነው ብላ ሁለት ማቀፊያ ጨርቅ አዘጋጅታ ነበር። ኅዳር ላይ ደም ፈሰሳትና ደሴ ወሰድናት። ከደሙ ጋር የወይን ዘለላ የመሰሉ፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍሬዎች ወጡ። በአልትራሳውንድ ሲያዩት ልጅ የሚባል ነገር የለም። የእንግዴ ልጁ ብቻውን ያለ ቅጥ ያደገበት እርግዝና ነው አሉንና ማሕፀኗን ጠረጉላት።

ሲያሰናብቷት አንድ ወረቀት ሰጧት፣ በየሳምንቱም ደሟ እንዲታይ አዘዙ። ሁለት ጊዜ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት አንተ ደወልህ። ስልኩ በእኔ እጅ ስለነበር ያልኸው አልጠፋኝም። «ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ደሴ ምን ያመላልሳታል? ቤቷ ትቀመጥ» አልህ። እናታችን ደገፈችህ። እኔም ዝም አልሁ። ሱንዱስ ወረቀቱን አጣጥፋ ሳጥንህ ውስጥ ከተተችው፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ሚያዝያ ላይ ደሙ ተመልሶ መጣ። የወር አበባ አይደለም፤ ይቆማል፣ ይመጣል። ከቧንቧው እስከ ቤት ውሃ ይዛ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ደረቅ ሳልም ጀመራት። እዚሁ ሐይቅ ከተማ አንድ ክሊኒክ ወሰድኋት። ሽንቷን አዩና ሁለት መስመር ወጣ፣ እርጉዝ ናት አሉን። አንተ ከሄድህ ስምንት ወር ሆኖህ ነበር።

ሱንዱስ እጄን ይዛ «ወላሂ የለም፣ ሙጂባ፣ ወላሂ የለም» አለችኝ። እጄን መነጨቅኋት። በአንድ ባጃጅ አብሬያት መሄድ ቀፍፎኝ ሌላ ያዝሁ፤ ቤት እንኳ ሳልደርስ ደወልሁልህ። አዎ፣ የደወልሁት እኔ ነኝ። «ሚስትህ አርግዛለች፣ ቤትህ ተዋርዷል» ያልሁህ በዚህች አፌ ነው። ራሷን ንጹሕ አድርጋ እኔን ትወቅሳለች እንዳትል አስቀድሜ ጻፍሁልህ።

አንተ ግን ምን አደረግህ? ምን ሆነች አላልህም። እስቲ አገናኚኝ፣ ከራሷ አፍ ልስማ አላልህም። ሰባት ዓመት ያወቅሃትን ሴት አንድ ሰዓት ሳይሞላ በድምፅ ፈታሃት። ለእሷ ብቻ ልከኸው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለቀቅኸው። ከጅዳ እስከ አርዲቦ ያለ ዘመድ ሁሉ «ዚና የሠራች ሴት ቤቴ አታድርም፣ ልጄን ትታ ትውጣ» ስትል ሰማህ። እናታችን ልብሷን በማዳበሪያ ጠቅጥቃ ደጅ ላይ አኖረችው። ሪታጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ስትጮህ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። አራት ዓመቷ ነበር። ሱንዱስ ያን ማዳበሪያ ይዛ፣ ደሟ እየፈሰሰ፣ ብቻዋን በሚኒባስ ወደ ውጫሌ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ማንም አልሸኛትም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አባቷ ሸህ ሀሚዱ መጡ። ጠብ ፈልገው የመጡ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው አልገቡም፣ ውሃ ባቀርብላቸው አልጠጡም። «ልጄ ደም ትተፋለች። የደሴውን ወረቀት አምጡ ብለውኛል። ስጪኝና ልሂድ» አሉኝ። የሺሀረግ የምትባል የውጫሌ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት የላከቻቸው። ይህች ሴት ሱንዱስን ከማን አረገዝሽ አላለቻትም፤ «ከዚህ በፊት የነበረው እርግዝናሽ እንዴት ነበር?» ነው ያለቻት። አየህ፣ አንድ ጥያቄ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመድ መሀል አንድ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ዘመዷ ያልሆነች፣ ሃይማኖቷም የተለየ ሴት ጠየቀቻት።

ሳጥንህን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁት። በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ደሟ በየሳምንቱ ይታይ፤ ለአንድ ዓመት እንዳታረግዝ መከላከያ ትውሰድ፤ ክትትሉ ከተቋረጠ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል ይላል። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ሸህ ሀሚዱን ተከትዬ ሄድሁ። ሱንዱስን ዘመዶቿ ቀድመው በሌላ መኪና ደሴ አድርሰዋት ነበርና ሆስፒታል ደጅ አገኘናት። ከስታ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ፣ መሐረቧ ላይ ደም ነበረበት።

ደሟን፣ ሆዷን፣ ደረቷን አዩ። በማሕፀኗ ልጅ አልነበረም፤ ደም የሞላው እብጠት ነበር። በራጁ ሳንባዋ ላይ ሽምብራ የተበተነበት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ታየ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። «ሁለት መስመር ወጥቶ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ አሁንም ልቤ አላመነም ነበርና። በትዕግሥት አስረዳችኝ። ምርመራው ልጁን አያይም፤ የሚያየው የእንግዴ ልጅ ወደ ደም የሚለቀውን ሆርሞን ነው። ያኔ ተጠርጎ የወጣው እርግዝና ርዝራዡ ቀርቶ ነበር፤ እሱ አድጎ ካንሰር ሆነ፣ በደም ሥር ሄዶ ሳንባዋ ላይ ተቀመጠ። ያንን ሆርሞን የሚለቀው ይኸው ካንሰር ነው። ስሙን ኮርዮካርሲኖማ አለችኝ፣ በወረቀት አስጽፌዋለሁ። ከብዙ ሺህ ነፍሰ ጡር አንዷን የሚይዝ ብርቅ በሽታ ነው። ሥጋ ቆርጠው እንኳ አልመረመሩትም፤ ከተነካ ደሙ ላይቆም ይችላል፣ የደሙ ቁጥርና ራጁ ይበቃናል አሉ።

አብዱ፣ አሁን የምጽፍልህን ሁለት ጊዜ አንብበው። ሐኪሟ እንዳለችው በዚያ ዓይነቱ እርግዝና የሚያድገው ከአባትየው ብቻ የመጣ ዘር ነው። እናም ሱንዱስ ሆዷ ውስጥ የሌላ ሰው ነገር አልነበረም። ዚና ብለህ ያወጅኸው፣ ሳንባዋን ይበላ የነበረው ነገር፣ ያንተው ነው። ሐኪሟ ይህ የባልም የሚስትም ጥፋት አይደለም፣ እንዲያው የሚደርስ ነው ብላኛለች፤ እኔም በበሽታው አልከስህም። የምከስህ ከበሽታው በኋላ ባደረግኸው ነው። ራሴንም ጭምር።

አዲስ አበባ ላኩን። ከሰኔ እስከ ኅዳር በየሳምንቱ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይገባ ነበር። በቀዶ ሕክምና ሳይሆን በኬሞ ብቻ የሚድን፣ ሳንባ ደርሶም እንኳ ብዙዎቹ የሚድኑበት ካንሰር ነው ሲሉን ሸህ ሀሚዱ ኮሪደሩ ላይ ሰገዱ። መዳኑ ግን ዋዛ አልነበረም። ጸጉሯ በሁለተኛው ሳምንት ትራሱ ላይ ቀረ። አፏ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ አቃታት። የነጭ ደም ሴሏ እየወረደ ሁለት ጊዜ መድኃኒቱ ተቋረጠባት። እኔ አልጋዋ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ አስታመምኋት። አንተ ያኔ የት ነበርህ? ሦስት ጊዜ ደወልሁልህ፣ አንዱን አነሳህ። «ካንሰር ነው፣ እርግዝና አልነበረም» ስልህ «እሷ ናት ይህን ያስጠናችሽ?» ብለህ ዘጋህብኝ። የሐኪሟን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላክሁልህ፤ አየኸው፣ ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል።

አንድ ቀን ሱንዱስ ጣሪያውን እያየች «ሙጂባ፣ አንቺም አምነሽ ነበር?» አለችኝ። መዋሸት እችል ነበር። «አዎ» አልኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለት ቀን ሙሉ ከእጄ ውሃ አልተቀበለችም፤ ከነርሶቹ እየጠየቀች ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ሲያስመልሳት ሳህኑን ያዝሁላት፣ አላባረረችኝም። እስከ ዛሬ አፉ ብያለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሲሰማት ትላለች፣ ካልተሰማትም መብቷ ነው።

በደሟ የተገኘው የሆርሞኑ ቁጥር ከመቶ ሺህ በላይ ነበር። በየሳምንቱ እየወረደ ወርዶ መስከረም መጨረሻ ላይ የጤነኛ ሰው ልክ ላይ ደረሰ። ለጥንቃቄ ከዚያም በላይ መድኃኒቱን ቀጠሉላት፤ ኅዳር ላይ ጨረሰች። አሁን ውጫሌ አባቷ ቤት ናት። ጸጉሯ በቅሏል፣ እንደ ድሮው ሉጫ ሳይሆን ጥቅልል ብሎ። ክትትሏን ግን ለዓመታት ትቀጥላለች፣ አንድም ቀን አታሳልፍም። ዓመቱ ሲሞላ ከፈለገች መውለድ እንደምትችልም ነግረዋታል። ከማን የሚለውን እሷ ታውቃለች።

መልእክትህን ወሰድሁላት። ባልወስደው በወደድሁ፤ እናታችን አለቀሰችብኝና ሄድሁ። ዓባያውን ፊቷ አኖርሁና ይቅር ብሎሻል አልኋት። ማሽላ ታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን አላስቀመጠችም። «በምን አጥፍቼ?» አለች። ማበጠሯን ቀጥላ «ከፍቺ በኋላ የምቆየው ዒዳዬ አልቋል። ኒካሕ የእኔን እሺታ ይፈልጋል፣ እሺታ የለኝም» አለችኝ። ዓባያውን መልሼ አመጣሁት፤ ሳሊሕ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሃል።

ልጄን ይዛ ትመለስ ላልኸውም መልሱ ይኸው። ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን መጥቼ ሪታጅን ውጫሌ አያቷ ጋ የወሰድኋት እኔ ነኝ፣ ማንንም አላስፈቀድሁም። እናቷ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ጸጉሯ ረግፎ ስለነበር ሪታጅ አላወቀቻትም ነበር፤ ድምፅዋን ስትሰማ ነው ሮጣ የተጠመጠመችባት። ከዚያ ክንድ ሁለተኛ አላላቅቃትም። አንተም ሰው እንዳትልክ። ከላክህ በሩ ላይ የምታገኘኝ እኔን ነው።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ግሩፕ ክፈት። በዚያው ድምፅህ፣ በዚያው ዘመድ ፊት፣ «ሱንዱስ አልበደለችም፣ ታማ ነበር፣ የበደልሁት እኔ ነኝ» በል። ይቅር ብያታለሁ የምትለዋን ቃል አትጨምርባት። እኔ በበኩሌ ባለፈው ዓርብ ተናግሬአለሁ፤ የደወልሁልህ እኔ እንደሆንሁ፣ እንደተሳሳትሁ፣ ለሁሉም አሰምቻለሁ። ከአጎቶቻችን አንዱ እንኳ አልመለሰልኝም። ይሁን። ያንተን ድምፅ ግን ይጠብቃሉ። እስክትናገር ድረስ እኔ ያንተን ስልክ አላነሳም፤ ለእናታችን ስትደውልም ሰጥቻት እወጣለሁ።

እናታችን ዑምኩልሱም ሰላም በዪልኝ ብላለች። መድኃኒቷን እየዋጠች ነው፣ አትስጋ። ሱንዱስን ለማየት ሁለት ጊዜ እስከ መናኸሪያው ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳለች፤ ምን ብዬ ዓይኗን ላየው ትላለች። ኑርሁሴን ጎረቤታችን ወላሂ ናፍቆኛል በዪው ብሎሃል። ሳሊሕ በአካል ያገኝሃል። ሪታጅ ደህና ናት፣ ፊደል ጀምራለች፤ ስለ አንተ አልጠየቀችኝም። አብረውህ ያሉትን የሐይቅና የአምባሰል ልጆች በሙሉ ሰላም በልልኝ። አላህ ለሁላችንም ልቦና ይስጠን።

ሱንዱስንም ለአብዱ የምትልኪው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የደም ምርመራ ቀኗ ነበርና የደሴው መኪና እንዳያመልጣት ጫማዋን እያሰረች ነበር። «የለም» አለችኝና ወጣች።

እኅትህ ሙጂባ
ሐይቅ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.