ሁለተኛው ደንጊ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ጠዋት የባለቤቴ የሰይድ ትኩሳት ወረደ። ድሬዳዋ ጭነት አድርሶ ከተመለሰ ወዲህ አራት ቀን ሲነድ ሰንብቷል። የደም ምርመራው ደንጊ ነው ብሏል፤ ትንኝ የምታስተላልፈው ትኩሳት።

"አላልኩሽም? ከሦስት ዓመት በፊትም ይዞኝ ለቆኛል። ሰውነቴ ያውቀዋል" አለኝ ሾርባውን እየጠጣ።

እንዳይደነግጥ ብዬ የደበቅኩትን አያውቅም። ትናንት ሰሚት ሰፈር ሐኪም ቤት እሱን የመረመረችው ዶክተር ለብቻዬ ጠርታኝ ነበር። ደንጊ አራት ዓይነት ነው አለችኝ። ካንዱ የዳነን ሰው ሌላው ሲይዘው ሰውነቱ የድሮው ይመስለውና በድሮው መከላከያ ይገጥመዋል። ያ መከላከያ ቫይረሱን ይይዘዋል እንጂ አይገድለውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም መንገድ ይከፍትለታል።

"ሁሉም ላይ አይብስም። ግን ትኩሳቱ ሲወርድ እንዳትዘናጊ። ሆዱን ከቆረጠው ወይም ድዱ ከደማ ጊዜ ሳታባክኚ አምጪው" አለችኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሆዱን ይዞ ጎንበስ ሲል አየሁት።

"ሾርባው ነው" አለኝ።

"እስቲ አፍህን ክፈት" አልኩት። ጥርሶቹ መሃል ደም አየሁ። የጎረቤታችንን በር ደበደብኩ፤ በመኪናው እዚያው ሐኪም ቤት አደረሰን።

አሁን ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል። ዶክተሯ "በጊዜ ነው ያመጣሽው" አለችኝ፤ ይድናል ግን አላለችም። የዛሬው የመጀመሪያ የደም ውጤት ጥሩ አይደለም፤ ሁለተኛውን እየጠበቅን ነው። እጁ ቀዝቅዟል። "ዝም አትበይ፣ የሆነ ነገር አውሪኝ" ይለኛል። ጎረቤታችን እንዴት እየነዳ እንዳደረሰን አወራለታለሁ።