ለጨጓራ የተሳለ አበባ

ለምወድሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ አሁንም ደረጃ ላይ ይይዝሻል? መነጽሬ ተሰነጠቀ ብለሽኝ ነበር፤ መቼም አሠርተሽዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ራስሽ እንድታነቢው እፈልጋለሁና። እህቴ እንዳታነብልሽ። እሷ ካነበበችው ሳትጨርስ ጎረቤት ይሰማል። እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። በጤናዬ ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም አለ፤ ግን ይሁን፣ ደኅና ነኝ።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። እህቴ በስልክ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። አምስት ዓመት ጠበቅን፣ ይበቃል፣ ሚስትህን በሰላም ሸኝና እኔ ያየሁልህን ልጅ ታገባለህ ብለሻል። አጎቴንም ይዘሽ ትመጫለሽ፤ እሱም ብሩሹን ይዞ፣ ሳሎናችን ያለውን የአበባ ሥዕል እንደ አዲስ ሊቀባው። እስቲ ከሥዕሉ ልጀምርልሽ፤ ከሌላው ለመጀመር አቅም አጣሁ።

ለሠርጋችን ስታመጪልን እንዴት ደስ እንዳለኝ አልረሳውም። አንቺ ቤት ለተሰቀለው ሥዕል ታናሽ ወንድሙ ነበር የመሰለኝ። ግንዱ ቤቱ ነው፣ ቅጠሎቹ ዘመድ፣ የፈኩት ሁለቱ አበቦች ባልና ሚስት፣ እምቡጦቹ ደግሞ ልጆች። ልጅ በተወለደ ቁጥር አጎቴ መጥቶ አንዱን እምቡጥ በቀለም ይከፍተዋል። የእኛን ሁሉ እንዲህ ከፈተልሽ። የእኔ ከሁሉ በታች ጥጉ ላይ ነበር፤ ወንበር ላይ ቆሜ በጣቴ ስነካካው፣ ይረግፋል ተው እያልሽ ትቆጪኝ ነበር። ለእኛም አምስት እምቡጥ አሳልሽልን። ባለቤቴ ያኔ ስቃ፣ ከበዙብን አንዱን ለጎረቤት እንሰጣለን አለች።

ከዚያ የጨጓራው ነገር መጣ። ሲያስመልሳት ሰንብቶ እኔ ሞኙ በስልክ ነገርኩሽ፤ አንቺም ሐኪም እስኪያያት እንኳ ሳትጠብቂ አጎቴን ላክሽው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልሽ ያሳደግሽን እኮ አንቺው ነሽ! እሱ ደግሞ ለአንድ ሥጋ ቤት ሰሌዳ ከበጠበጠው ቀይ ቀለም ተርፎት ኖሮ፣ አንዱን እምቡጥ ጎድን አስመስሎ ከፈተው፣ ሻዩን ጠጣ፣ መርቆን ሄደ። በማግስቱ ሐኪሙ፣ ጨጓራ ነው፣ ቅባት ቀንሺ አላት። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የዘይት ቀለም ግን በምን ይለቀማል? የሥዕሉን ትርጉም በሠርጉ ቀን ለሁሉ አስረድተሽ ስለነበር፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ግድግዳውን አይቶ፣ ሦስተኛው አበባ የማን ነው ይላል። አንድ ቀን ባለቤቴ ሻይ እየቀዳች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ የጨጓራዬ ነው አለች። እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሷ ወጥ ቤት ገብታ ቆየች።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ባለፈው ወር ሁለታችንም ተመርምረናል። ሐኪሙ መጀመሪያ እሷን አስገባት፤ ወዲያው ወጣች። እኔን ሲያስገባኝ ግን በሩን ዘጋው፣ ወንበሩንም ወደ እኔ ሳብ አደረገ። ልጅ ሆነህ ጆሮ ደግፍ ታምመህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ድምፄ መጎርነን በጀመረበት ዓመት፣ ፊቴ አብጦ፣ አንቺ አንገቴን በሻሽ አስረሽ አጠገቤ ያደርሽበት ጊዜ ትዝ አለኝ። አዎ አልኩት። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእናትህም አይደለም አለኝ፤ ይህን እንድታውቂልኝ ነው የጻፍኩት።

ለባለቤቴ ማታውኑ ነገርኳት። አብራኝ አለቀሰች። ካንተ ወዲያ አልፈልግም፤ እስከ ዛሬ መካን ስባል ሳላውቅ ዝም ብያለሁ፤ እያወቅኩ ግን አልሸከምልህም፤ ለእናትህ አንተው ንገራት አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ እያልኩ ከረምኩ።

እህቴ የደወለች ቀን ሱቅ ውስጥ ነበርን፤ እኔ ስፌት መኪናው ላይ፣ ባለቤቴ አጠገቤ ቁልፍ ስትተክል። የእህቴን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሆኖ መልእክትሽን የሰማችው ባለቤቴ ናት። የያዘችውን ሸሚዝ ቁልፉን ተክላ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው፣ ተነሣች። ቤት ሄዳ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ጋ ገባች። በር ላይ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ንገራትና ና ውሰደኝ።

እማዬ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በውድ ጨርቅ ላይ መቀስ ስሰድ እጄ የማይንቀጠቀጥ ሰውዬ፣ ትናንት የደንበኛ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋሁት። ልነግርሽ እደውላለሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬዬ ወደ ጉልበትሽ ይሄዳል። አሁንም ሐኪሙ ያለኝ ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ብዕሩ እንቢ ይለኛል። አፍሬ ነው። ፈርቼሽም ነው። የልጅሽን ልጅ አቅፈሽ ልታዪ ስንት ዓመት እንደተመኘሽ የማውቀው እኔ ነኝ።

ያየሽልኝ ልጅ መልካም ትሆናለች፤ ግን አታምጫት። የሰው ልጅ አታስለቅሺ። አጎቴም ሥዕሉን ከነፍሬሙ አድሶ ቢቀባው፣ የፈለግሽውን ሙሽራ ብታስገቢልኝም፣ እነዚያ እምቡጦች እንዳሉ ነው የሚቀሩት።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ ያሳደገኝ እጅሽ አይዛልብኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እኔ ባለቤቴን ልወስድ ሄጃለሁ። ነገርካት ወይ ማለቷ አይቀርም፤ አዎ እላታለሁ። ደውላ የጠየቀችሽ እንደሆነ፣ እባክሽ እማዬ፣ አዎ ነግሮኛል በያት።

የመጨረሻ ልጅሽ