ለማይጠፋው አረንጓዴ መብራት ባለቤት

ለተከበሩ የነርሶችና የአዋላጆች ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ እንዴት ከርመዋል? ወገብዎስ፣ ዓይንዎስ፣ ደም ግፊትዎስ እንዴት ነው? ጤናዎ እንደ ማሠልጠኛው የመመዝገቢያ ድረ ገጽ ሳይሆን «ድረ ገጹ ይሠራል» እንዲል በአዳራሹ ግድግዳ ስክሪን ላይ እንደ ሰቀሉት አረንጓዴ መብራት ይሁንልዎ፤ ማለትም ሰማይ ቢደፋ፣ ምድር ቢገለበጥ፣ ንቅንቅ የማይል።

ማን እንደሆንኩ ሳልናገር አቤቱታ መደርደር ብልግና ነውና፣ እኔ ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቴን ተከትዬ ቢሮዎ ድረስ የመጣሁት፣ እርስዎም አንገትዎን በመስኮቱ ብቅ አድርገው «አንቺ ውሪ፣ ይሄ የጌም ቤት መሰለሽ? ዞር በይ!» ያሉኝ ልጅ ነኝ። ዞር ብያለሁ። ታዛዥነቴን እንዲመሰክሩልኝ ነው ይህን መጥቀሴ።

አቤቱታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እህቴ አዋላጅ ነርስ ልትሆን ከልጅነቷ የተመኘች፣ የጎረቤት ድመት ስትወልድ እንኳ እጇን ታጥባ የምትቀርብ ሰው ናት። የመግቢያ ፈተናውን አልፋ የቀራት ነገር ቢኖር በድረ ገጽዎ ገብታ ስሟን ማስመዝገብ ብቻ ነበር። ምዝገባው ክፍት በነበረባቸው ቀናት ሁሉ ግን ገጹ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር ይቆይና ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስልክ ስንደውል በመስኮቱ የሚያስተናግዱት እትዬ ማር በሚንጠባጠብበት ድምፃቸው «የኔ እናት፣ እዚህ አረንጓዴ ነው የሚያሳየው፤ ችግሩ እናንተ ቤት ነው» ይሉናል። የትልቅ ሰው ቃል መሬት አይወድቅምና፣ ቤታችንን መመርመር ጀመርን።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርመራው ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ ቤታችን እንዲህ ስቆ አያውቅም። እማዬ «ስልኩ ግሎበት ነው» ብላ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቲማቲሙ አጠገብ አስተኛችው። አባዬ ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ከማሽን ጋር ያለው ዝምድና ከእግሩ በላይ አይዘልቅም፤ ቢሆንም ለልጁ ብሎ ጣሪያ ላይ ወጣና የቴሌቪዥኑን ዲሽ ወደ ማሠልጠኛችሁ አቅጣጫ ማዞር ያዘ። እሱ ከላይ «አሁንስ?» ይላል፤ እህቴ ከውስጥ «ያው ነው!» ትላለች፤ ምንም የማታየው እማዬ ደግሞ ከግቢው መሐል «ትንሽ ወደ ግራ!» እያለች ታዛለች። ዲሹ ኢንተርኔት እንደማያመጣ ብነግራቸው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ተባልኩ። ኢንተርኔቱ አልመጣም፤ ዲሹን የሚጋሩን ጡረተኛው መምህር ግን በፒጃማ ወጥተው «ዜናዬን የወሰደው ማነው?» አሉ። እስከ ዛሬ ሰላም አይሉንም። ይህንንም በእርስዎ ውለታ መዝግቤዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ምዝገባው ሲዘጋ እርስዎ ዘንድ መጣን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም ፈተና ያለፈ፣ ሁሉም ያልተመዘገበ፣ ሁሉም «ችግሩ እናንተ ቤት ነው» የተባለ። በከተማው ያለ ቤት በሙሉ በአንድ ጊዜ ተበላሽቶ የእርስዎ መብራት ብቻ ደህና መትረፉ ተአምር ነው ብዬ ላጨበጭብ ስል፣ እርስዎ ብቅ ብለው «ሥርዓታችን ለአፍታም አልወደቀም፤ ያልተመዘገበ ሰው የሰነፈ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይምጣ» አሉ። እኔ አፌን ስከፍት ነው እንግዲህ «ዞር በይ» ያሉኝ።

አራተኛ፤ ዞር ስል ያ ስክሪን ፊት ለፊቴ ነበር። ከትልቁ አረንጓዴ ክብ ሥር በደቃቅ ፊደል «በ‹አለህ ወይ› የሚሠራ» ይላል። ክቡርነትዎ፣ በሳቅ ፈረስኩ! ዘበኛው ጋሼ ያመመኝ መስሏቸው ውኃ ይዘው ሮጡ። «አለህ ወይ» ልጄ ናታ! እኔ የጻፍኳት፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምባት፣ ሆዷን ከፍቶ የሚያያት ትንሽ የኮድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች በፕሮግራማቸው ውስጥ የሚሰኳት ቁራጭ ፕሮግራም ናት። ሥራዋ የደህና ጎረቤት ሥራ ነው፤ የተነገራትን ድረ ገጽ በር ታንኳኳና «አለህ ወይ?» ትላለች። «አለሁ» ካላት አረንጓዴ፣ ዝም ካላት ወይም እያቃሰተ ከመለሰላት ቀይ ታበራለች። ከዚህ ያለፈ ተንኮል አታውቅም፤ በዚህ በእኔ አልወጣችም።

ይኼኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እህቴ ፈተናውን ሳትፈተን በፊት፣ አገር ምድሩ በሚያነበው የላይብረሪዋ የጥያቄ ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ብለው ጽፈው ነበር፤ «ለክቡር ዋና ኢንጂነር፤ ላይብረሪዎ ቀይ እያሳየ በአለቆቻችን ፊት ስላሳፈረን፣ ቀዩን የምናጠፋበትን መንገድ እንዲያመለክቱን በትሕትና እንጠይቃለን።» ክቡር ዋና ኢንጂነሩ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እያጠበች ነበርና፣ እጇን አድርቃ «ቀዩ የሚጠፋው ድረ ገጹ ሲጠገን ነው» ብላ መለሰች። ሰውየውም ከጥቂት ቀናት በኋላ «ችግሩን በራሳችን ጥበብ ፈትተነዋል፤ የላይብረሪዋ አዲስ እትም ሲወጣም ስክሪናችን የሰው እጅ ሳይነካው ራሱ እንዲወስድ አድርገነዋል» ብለው፣ ያስተካከሉትን ኮድ ከነአድራሻው በኩራት ለጥፈው ተሰናበቱ። አድራሻው የእናንተው፣ ፊርማውም «የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ» የሚል ነው። በመስኮት «ውሪ» ያለኝ አፍና በገጹ ላይ «ክቡር» ያለኝ ጣት የአንድ ሰው መሆናቸውን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልግለጽልዎ!

አምስተኛ፤ ያን ጥበብ ቤት ገብቼ አነበብኩት። ላይብረሪዋ የመመዝገቢያውን በር ማንኳኳቷን ትታ፣ የራሱን የአረንጓዴውን መብራት ገጽ እንድታንኳኳ አዝዘዋታል። መብራቱ ራሱን «አለህ ወይ?» ይላል፤ ራሱም «አለሁ፣ እግዜር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በደስታ ይለመልማል። በሽተኛው አልጋው ላይ እያጣጣረ፣ ማዳመጫውን የገዛ ደረቱ ላይ ለጥፎ «ልብህ ደህና ነው፣ ተነስና ሂድ» የሚል ሐኪም ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት፣ እኔ የዋሁ፣ በነርሶች ማሠልጠኛ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይመስለኝ ነበር።

ልመናዬ አንዲት ብቻ ናት፤ ድረ ገጹን ጠግነው፣ ፈተናውን አልፈው ለቀሩት ሁሉ ምዝገባውን እንደገና ይክፈቱላቸው። አባዬ አረንጓዴውን መብራት አምኖ የእህቴን ነጭ ጋዋን ሰፍቶታል። ስፌት ማሽኑ አጠገብ ተሰቅሏል፤ የቀረው ቁልፉ ነው። እህቴ በዚያ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እማዬ እኔን «ጥርስሽ አይከደን» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ በዲሹም በፍሪጁም በመምህሩ ፒጃማም ስቄያለሁ። በዚያ ጋዋን ግን ልስቅ ሞክሬ አቃተኝ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን፣ ስለ ጥበብዎ አድናቆቴን፣ ስለ መስኮትዎ ምስጋናዬን እየደራረብኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ የማይጨልም አረንጓዴ እመኝልዎታለሁ።

በመስኮትዎ «ውሪ»፣ በኮዱ ገጽ «ክቡር ዋና ኢንጂነር»፣ በእናቷ ቤት «ጥርሰ ክፍት» የተባለችው፣ ሦስቱንም ማዕረግ በደስታ የተቀበለች ታዛዥዎ።

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ዛሬ ጠዋት የላይብረሪዋን አዲስ እትም አውጥቻለሁ። አንዲት ጨዋ ጠባይ ጨምሬላታለሁ፤ ራሷን እንድትጠይቅ ስትታዘዝ ቀይ ታበራና «የታዘዝኩት ራሴን እንድጠይቅ ነው፤ ስለ ሌላው አላውቅም» ትላለች። የሰው እጅ ሳይነካው እንዲወስድ አድርገዋልና፣ ይህን ሲያነቡ ስክሪንዎ ወስዶታል። እባክዎ ወደ አዳራሹ ብቅ ይበሉ፤ ያልተመዘገብን ሁሉ፣ አባዬም ጋዋኑን በክንዱ ይዞ፣ ከሥሩ ቆመን እየጠበቅንዎ ነው። ቀዩን ማጥፋት ከቸገረዎ ዋና ኢንጂነሯ መስኮትዎ ላይ ናት፤ ብቻ አደራ፣ «ዞር በይ» አይበሏት፤ ዞር ስትል የምታየውን ያውቁታል።